ወደ መሀል የወረወርኩት ኳስ

ታዘበው በዕድሜው የተጫወተው ሰባት ጨዋታ ብቻ ነው። በሰባቱም ኳሱን የወረወርኩለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ እሱ የሚወራ ካለ እኔ ላውራ፣ ሌላው ይስማ። ብቸና ገበያ ዳር ቁጭ ብለው «ታዘበው እኮ እንዲህ ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ግማሾቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም፣ ግማሾቹ ደግሞ ከአጥር ውጭ ሆነው ነው ያዩት።

ጨዋታው የምታውቁት የእግር ኳስ አይደለም። የአሜሪካኖች ነው፤ ኳሱ ከቆዳ የተሰፋ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ በእጅ የሚወረወርና በእጅ የሚያዝ። በ1958 ዓ.ም. ሚስተር ዴል የሚባል የሰላም ጓድ መምህር እንግሊዝኛ ሊያስተምረን ብቸና መጣ፤ ከሻንጣው ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጋር እንዲህ ያሉ ሁለት ኳሶች ወጡ። እሱ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ «ዋይድ ሪሲቨር» ነበር። እኛ «ተቀባይ» አልነው። ጉልበቱ ተሰብሮ ነው የተወው፤ ቁልቁለት ሲወርድ ያነክሳል።

የተቀባይን ሥራ ሲያስረዳን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣለው። ሌላው ሁሉ አንድ ላይ ሲጋፋ ተቀባይ ብቻውን ሮጦ ሰው የሌለበት ቦታ ይደርሳል፣ ይዞራል፣ ኳሱ ይመጣለታል። ዳር ላይ ከተቀበለ ይዞ ይሮጣል፣ ሲከብደውም ከመስመሩ ይወጣል። መሀል ላይ ከተቀበለ ግን ሁለት እጁ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ጎኑ ባዶ እንደሆነ ይመቱታል። የእሱንም ጉልበት የሰበሩት መሀል ላይ ነው። ይህን ሲነግረን ጠመኔውን በሰሌዳው መሀል ደጋግሞ ነካው። ሁላችንም ገብቶናል አልን፤ እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ሰባት ለሰባት ነበር የምንጫወተው። ሚስተር ዴል ኳስ የያዘውን ልጅ በሁለት እጅ መንካት ይበቃል ብሎ ነበር። የገና ጨዋታ ሲጫወት ላደገ የጎጃም ልጅ ግን ይህ አይዋጥለትም። እኛ ዘንድ በገና ሜዳ የተመታ አይከስም፣ የመታም ይቅርታ አይጠይቅም፤ በዓመት አንድ ቀን የተፈቀደውን ነገር ሚስተር ዴል በየሁለት ሳምንቱ ፈቀደልን ብለን ነው የተቀበልነው። የቀኝ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል።

ታዘበው ከሁላችንም የቀለለ ነበር። አጎቱ የሣር ቤት ከዳኝ ናቸው፤ እሱ ከትንሽነቱ ጀምሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከታች የሚወረወርለትን የሣር እስር ሲቀበል ነው ያደገው። ጣሪያ ላይ ያለ ሰው የመጣለትን ልያዝ ብሎ ቢንጠራራ ይወድቃል፣ ባይዝም እስሩ ተመልሶ ታች ባለው ሰው ራስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ታዘበው ያየውን ሁሉ ይይዝ ነበር። ሐሳብ ሳይጨምር ነው የሚይዘው። በስድስት ጨዋታ ሠላሳ ስምንት ኳስ ያዘ፣ ሁለት ወደቀበት፤ ሁለቱም የእኔ ጥፋት ነበሩ። ሚስተር ዴል እንዲህ ያለ እጅ በአገሩም ብዙ እንዳላየ ነግሮኛል። ለታዘበው ግን አልነገረውም፤ እኔም ለምን ልንገረው ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ቀናሁ፣ ምን አለ።

የምንጫወተው ከሞጣ ልጆች ጋር ነበር። እዚያም ሌላ የሰላም ጓድ መምህር ነበርና እሱም የራሱን ሰባት አሠለጠነ። ሦስቱን እነሱ፣ ሦስቱን እኛ አሸነፍን። ሰባተኛው ሞጣ ላይ፣ ቅዳሜ ጥር 20 ቀን 1959 ዓ.ም. እንዲሆን ተቆረጠ። የሞጣው መምህር ሰኞ ወደ አገሩ የሚመለስ ስለሆነ ሌላ ቀን አልነበረም።

ችግሩ እሑድ ጥር 21 መሆኑ ነው፤ ማርያም። ታዘበው ዲያቆን ነው። አባቱ የኔታ ወልደ ኪዳን ከብቸና በእግር አንድ ሰዓት የምታስኬደው የእኛ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ናቸው፤ ለሁለታችንም ዳዊት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ሰው ካልተሟላ አይቀደስም። በሌላ ቀን ዲያቆን ሞልቷል። በጥር ማርያም ግን የአገሩ ዲያቆን ሁሉ ደብረ ወርቅ ነው የሚያነግሠው፣ እዚያ ነው ድምቀቱ፤ ትንሿ ደብራችን ሦስት ብቻ ቀሩላት። ሦስተኛው ታዘበው ነበር። አምስቱም ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ እህል ውሃ አይቀምሱም። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የደማ ሰው መቅደስ አይገባም። የእንቅፋት ደም ይሁን የነስር፣ ደም ደም ነው፤ ያን ቅዳሴ ቆሞ ከውጭ ያስቀድሳል።

ታዘበው አልሄድም አለኝ። ሦስት ቀን ለመንኩት፣ አሾፍኩበት፣ አኮረፍኩት። በመጨረሻ የኔታ ዘንድ ራሴ ሄድኩ። እግራቸውን ስሜ ቅዳሜ ማታ በሰዓቱ እንደምንመለስ፣ ከቀትር ጀምሮም እንደሚጾም ነገርኳቸው።

«ይህ ጨዋታ ሰው ያደማል አሉ» አሉ።

«መሀል ለሚገባ ሰው ነው፣ የኔታ። እኔ ነኝ ኳሱን የምወረውር። ከዳር ወደ መሀል አላስገባውም። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።»

እሺ አሉ። ልጃቸውን ለእኔ ሰጡኝ ማለት ነው። ከቤታቸው ስወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እግሬ መሬት ይንካ አይንካ አላውቅም።

ዓርብ በእህል ጫኝ ካሚዮን ሞጣ ገባን፣ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ዴስክ ገጥመን ተኛን። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጨዋታው ሲጀመር ሜዳው በሰው ተከቦ ነበር። ከግንደወይን ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አህያቸውን አቁመው ያዩ ነበር። ታዘበው ጠዋት አንድ እፍኝ ቆሎ ቀምሶ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ከዚያ በኋላ እህል ውሃ ሳይነካ ለነገ ቅዳሴ ታሰረ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ቃሌን ጠበቅኩ። ወደ ዳር፣ ወደ ዳር፣ ሁልጊዜ ወደ ዳር። ታዘበው መስመሩን ታክኮ ሮጦ እየያዘ፣ ሊመቱት ሲመጡ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሞጣ ልጆች ባዶ አየር እያቀፉ ይወድቃሉ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅኩም። በእያንዳንዱ ውርወራ መጀመሪያ የማየው ኳሱን መያዙን ሳይሆን አፍና አፍንጫውን ነበር። ኳሱን ይዘን የሜዳውን መጨረሻ መስመር እያለፍን ሁለት ጎል አገባን። እነሱም ሁለት አገቡ። ሚስተር ዴል አንዱ ጎል ስድስት ነጥብ ነው ይላል፤ እኛ አንድ ጎል አንድ ጎል ነው ብለን ዘግተናል።

ዕረፍት ላይ ሌላው ሁሉ ወደ ውሃው እንስራ ተሻማ፤ እኔ የሚቀጥለውን ውርወራ ሳሰላ ውሃም አልቀመስኩ። ታዘበው ከግንቡ ሥር በጥላ ተቀምጦ ቀረ። ከሞጣ ልጆች ፋንታ የሚባለው ይህን አየ። ፋንታ ግንድ የሚያክል ልጅ ነው፣ የሜዳቸውን መሀል የሚጠብቅ፤ ባለፈው ጨዋታ የእኛን አንዱን ልጅ ጥሎት ክንዱን ለሁለት ወር አስሮታል። ወደ እኔ መጣና ታዘበውን በአገጩ አመለከተኝ።

«ነገ ተረኛ ነው እንዴ?»

«ነው» አልኩት።

ፋንታም ለካ ዲያቆን ነው። በተራው የማይቀድስበት ቀን ስለሆነ ነው እንጂ እንደ ታዘበው ሆኖ መቀመጥ የሚገባው እሱም ነበር። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው እኔ አልመታውም። እይዘዋለሁ እንጂ አልመታውም። አንተ ደግሞ መሀል አትስደደው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። እጅ ተጨባበጥን።

ፋንታ ቃሉን ጠበቀ። በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ታዘበው ላይ ደረሰበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወገቡን አቅፎ አነሳውና እንደ ሕፃን መሬት ላይ አቆመው። የሞጣ ሰው «ምን ነካህ» እያለ ጮኸበት። ያን ጊዜ ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያየሁት። መሀሉን የሚጠብቀው ፋንታ ነው፤ ፋንታ ታዘበውን አይመታም፤ ስለዚህ መሀሉ ለታዘበው ባዶ ነው። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ ሊወጣልኝ አልቻለም።

ሦስት ለሦስት ሆነን። ሚስተር ዴል ሰዓቱን አይቶ አንድ ውርወራ እንደቀረ በጣቱ አሳየን። የሞጣ ልጆች ዳሩን በሦስት ሰው ዘግተውታል፤ ወደ ዳር መወርወር ኳሱን መስጠት ነበር። ኳሱን ይዤ ብወድቅ ጨዋታው እኩል ያልቃል። እኩል። ሦስት ሦስት ተሸናንፈን፣ ሰባተኛው እኩል፣ ከዚያ የሞጣው መምህር ይሄዳል፣ ሌላ ጨዋታ የለም፣ ዕድሜ ልካችንን ማን ይበልጥ ነበር ሲባል እንኖራለን። ዛሬ ስናገረው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። ታዘበውን በትከሻው ይዤ፣ «መሀል ግባ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ከጥም ነጥቷል። «የሻው፣ ዳር ብለህ ነበር።»

«ፋንታ አይመታህም። ቃል ገብቶልኛል።»

«አባቴስ?»

«ይዘህ መስመሩን አልፈህ ትወድቃለህ፣ አለቀ። አፈር ነው፣ ለስላሳ ነው።»

ሄዶ ቦታውን ያዘ። እኔን አምኖ ነው የሄደው፤ ይህን መቼም አልረሳውም።

ኳሱ ተሰጠኝ። ታዘበው እንደ ወትሮው ወደ ዳር ሮጠ፣ ሦስቱ ተከተሉት፣ ከዚያ ድንገት ወደ መሀል ታጠፈ። ብቻውን ነበር። ፋንታ ወደ እኔ እየሮጠ ነበር፤ መሀል እንደማልልከው ስለ ተማማልን ጀርባውን ሳያይ ነው መሀሉን ጥሎ የመጣው። ወረወርኩ። ከእጄ ስትወጣ ትንሽ ከፍ እንዳለች ዐወቅኩ። ታዘበው እሷን ለመያዝ መዝለል ሊኖርበት ነው። ፋንታ ኳሱ በላዩ ሲያልፍ አይቶ ዞረ፣ ሮጠ፣ ማን እንደሚይዛት አላየም፤ ቀና ብሎ ኳሷን ብቻ ነበር የሚያየው። ታዘበው ሁለት እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ነበር። ፋንታ አጠገቡ ሲደርስ ማን እንደሆነ ዐወቀ፤ ሊቆም ተረከዙን መሬት ውስጥ ሲተክል አየሁት። አልቆመለትም። ግንባሩ የታዘበውን አፍ አገኘው።

ሁለቱም ወደቁ። ኳሷ ከታዘበው ደረት አልወጣችም። ተንከባሎ ተነሣ፣ ሦስት እርምጃ ተራመደና የጎል መስመሩን አልፎ በጉልበቱ ወደቀ።

የእኛ ልጆች ጮኹ፣ ኮፍያ ወደ ላይ ወረወሩ፣ ሚስተር ዴል በሚያነክስ እግሩ ሲዘል አየሁት። እኔ ወደ ታዘበው ሮጥኩ። ቀና ሲል አፉን ከፈተ፣ አንድ ቃል ሊናገር። የታች ጥርሶቹ ቀይ ነበሩ። ወዲያው ዘጋው፣ ዋጠ፣ በመዳፉ አፉን ያዘ። ከእኔ በቀር ያየ የለም። ፋንታ ግንባሩን ይዞ መጣና «ደማ እንዴ?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፤ ታዘበውን ለመጠየቅ ፈርቶ።

«አልደማም» አልኩት።

«መሀል አትስደደው ብዬህ ነበር» አለኝ። አልጮኸም። ዞሮ ሄደ። ከዚያን ቀን በኋላ ፋንታን አላገኘሁትም፤ ባገኘው የምለውን አሁንም አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞጣ ትምህርት ቤት ለሁላችንም በግ አርዶ ምሳ አበላን። አሸናፊ ነበርኩ፣ ርቦኝም ነበር። እጄን ታጥቤ ልቀርብ ስል ታዘበው ከበሩ አጠገብ እጄን ያዘኝ። ከንፈሩን ሳይከፍት ማለት ይቻላል፣ «አንተም ሳትበላ እስከ ነገ ብትቆይ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ብቻውን መጾሙ ከብዶት ነው አልኩ በልቤ፣ ሳቅኩበትና ገብቼ በላሁ። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ጠላም ጠጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የሚያሳፍረኝን አልደብቅም። እኔም ዲያቆን ነበርኩ። ጳጳሱ ደብረ ማርቆስ በመጡ ዓመት ከታዘበው ጋር ሁለት ቀን በእግር ሄደን በአንድ ቀን ነው ክህነቱን የተቀበልነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ለሦስት ዓመት መቅደስ ገብቼ አላውቅም፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ሰነፍኩ ነው። የምሳውን ሰሐን ስጠርግ ዲያቆን መሆኔ ትዝም አላለኝ።

ካሚዮኑ አሥር ሰዓት ላይ ተነሣ። ከኋላው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ ሲዘፍኑ ታዘበው ጉልበቱን አቅፎ አቧራውን ያያል። ፀሐይ ስትገባ ደብረ ወርቅ ደረስን፤ ሹፌሩ ሰው ሊያወርድ አቆመ። ከተማው ለበዓሉ በመጣ ሰው ነጭ ሆኗል። ዲያቆናት ጥምጥም ያደረጉ ቄሶችን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሃያ ይሆናሉ፣ ሠላሳ ይሆናሉ። ከእነሱ አንዱን ለምነን ካሚዮኑ ላይ ብናሳፍረው ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር።

ታዘበው ተነሥቶ የካሚዮኑን ጎን ያዘ። ሊወርድ ነበር። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«የሻው፣ አፌ ጨው ጨው አለኝ። አንተ አይተኸኛል። ደም ነበር ወይስ ምራቅ?»

ዛሬ ድረስ መልሴን ለራሴ ላስረዳ እሞክራለሁ። ደም ነው ብል ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የኔታ ፊት የሰጠሁት ቃል፣ ፋንታን የጨበጥኩት እጅ፣ ሁሉም ይወጣል። ደም አይደለም ካልኩ ግን ማንም አያውቅም። ውስጥ ከንፈር ነው፣ ሌሊቱን ይድናል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ አየር ለመሳብ በሚበቃ ጊዜ ነው።

«ምራቅና አቧራ ነው» አልኩት። «እኔ አይቻለሁ።»

ጥቂት ቆሞ ከዚያ ተቀመጠ። ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። ደብረ ወርቅ ከኋላችን ስትቀር ወደ እሷ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ብቸና ሳንደርስ ወደ ማርያም የሚያስገባው መገንጠያ ላይ ሁለታችን ወረድን። የኔታ ፋኖስ ይዘው የዲያቆናቱ ማደሪያ ደጃፍ ላይ ይጠብቁን ነበር። ሁለቱ ዲያቆናት ገብተዋል፤ ለታዘበው የታጠበ ነጠላ ተዘጋጅቶለታል። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ዓይናቸው ፈገግ አለ፣ «ደኅና ገባችሁ» አሉን። እኔ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ልመርቅህ ማለታቸው ነበር።

ታዘበው ነጠላውን ተቀበለ። አልለበሰውም። «አባ፣ ፋኖሱን አንዴ ይስጡኝ» አለ። ፋኖሱን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ የነጠላውን ጫፍ በጣቱ ጠቅልሎ ውስጥ ከንፈሩ ላይ ተጫነው፣ አወጣውና ወደ ብርሃኑ አቀረበው። የእኔን ቃል አላመነም ማለት ነው፤ በመንገዱ ሁሉ ሊያምነኝ ሲታገል ኖሯል፣ አቅቶታል። ነጠላው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነበረች። ለአባቱ አሳያቸው።

«ደምቻለሁ፣ አባ» አለ።

የኔታ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤት ጠርተው በቅሎ ያለውን ሰው ዲያቆን ፍለጋ ወደ ደብረ ወርቅ ላኩ፤ መንገዱ ሌሊት ስለማያስኬድ እንደማይደርስ ግን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ሰውየውም ያውቃል። ከዚያ ፋኖሱን አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ መፍትሔ ያገኘ ሰው ፊት ነው።

«አንተ አለህ እኮ፣ የሻው። ጳጳሱ እጃቸውን የጫኑብህ እኔ ባለሁበት ነው። ሦስት ዓመት ብትርቅም የረሳኸውን ሌሊት አብረን እናስታውሳለን።» ቀረብ አሉኝ። «ከቀትር ወዲህ የቀመስከው ነገር አለ?»

የለም ማለት ቀላል ነበር። ሞጣ ሩቅ ነው። እዚህ ካሉት ያየኝ ታዘበው ብቻ ነው፣ እሱም አያጋልጠኝም። ቀና ስል ታዘበው እያየኝ አልነበረም፤ ነጠላውን እያጠፈ ነበር፣ ቀይዋን ነጥብ ወደ ውስጥ አድርጎ፣ በጥንቃቄ፣ ለማይለብሰው ልብስ። ሞጣ ላይ ለምን እንዳትበላ እንዳለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ደሙን ያኔውኑ ጠርጥሮ ኖሯል፤ እኔን መጠባበቂያ ሊያደርገኝ ነበር። አፉ ውስጥ ደም ይዞ እንኳ ለደብሩ ሰው ሲያስብ፣ እኔ ሥጋ እያስጨመርኩ ነበር።

«በልቻለሁ፣ የኔታ። ደሙንም አይቻለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ጠይቆኝ ዋሽቼዋለሁ። መሀል የላክሁትም እኔ ነኝ።»

ፋኖሱን ዝቅ አደረጉት። በመጨረሻ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ሕዝቡ ሲሰበሰብ የምነግረው እኔ እንደምሆን።

በማግስቱ ቅጽሩ ሞላ። ሕዝቡ ቅዳሴ ይገባል ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ሁለቱ ዲያቆናትና ሁለቱ ቄሶች እንደታሰሩ ተቀምጠዋል፤ ታዘበው ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሟል፣ ከንፈሩ አብጧል። አራት ሰዓት ሲሆን ባለ በቅሎው ብቻውን ተመለሰ። ደብረ ወርቅ ቅዳሴው ተጀምሮ ነበርና ትርፍ የሆነ ዲያቆን ሁሉ እህል ቀምሷል። የኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው ምልክት ሰጡኝ። ደረጃው ላይ ወጣሁ። ዛሬ ቅዳሴ እንደማይኖር፣ ታቦቷም እንደማትወጣ፣ ያስቀረሁትም እኔ እንደሆንኩ፣ ሞጣ ሄደን ኳስ ስንጫወት ዲያቆኑን እንዳስደማሁት ተናገርኩ።

የሚሰድበኝ እጠብቅ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ሰው አንድ በአንድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እየቀረበ ተሳልሞ ይመለስ ጀመር። ከደረጃው ስወርድ ከሥሩ ወይዘሮ ይርጋነሽ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ከዓባይ ድልድይ ወዲህ፣ ከደጀን በታች፣ ስለት ይዘው ሦስት ቀን በእግር የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው ከሕመም ተነሥቶላቸው ለማርያም ጃንጥላ ተስለው፣ ጃንጥላዋን በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ታቦት በሌለበት ማን ላይ ይዘርጓት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ነገሩን በሙሉ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነበር።

«ልጄ፣ ታዲያ ጨዋታውን አሸነፋችሁ?»

«አሸነፍን፣ እሜቴ» አልኩ።

«ደግ» አሉ። ከዚያ ጃንጥላዋን ታቅፈው፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ተመርኩዘው ተነሡና የመጡበትን መንገድ ያዙ።